የዙበይዳ አየር

ዙበይዳ በሕይወቷ አንዲት ወፍ ገድላ አታውቅም። በእኛ ከተማ ግን ያለ ዙበይዳ አንዲት ወፍ አትሞትም። ይህን የምለው ለማሳቅ አይደለም፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ መንገዳችን ብቅ ብሎ የሱቋን ደጃፍ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከሩዝ ማሳው፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከየመንደሩ የመጣ ወንድ ሁሉ የአየር ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። እሷ ከፊት ለፊታቸው ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ናት። ጥቁር ጀላቢያዋን ጉልበቷ መካከል ሰብስባ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ፣ የዳቦ ሣጥን የምታክለውን ኮምፕሬሰሯን ታያለች። ጠመንጃ የሚሞላው አየር ከዚያች ሣጥን ነው የሚወጣው።

እኔ ሚስባሕ እባላለሁ፤ ከእሷ ጋር ግድግዳ የምንጋራ ባለ ሱቅ ነኝ። ስኳር፣ ሻይ፣ አምፖል፣ የዓሣ መንጠቆ፣ ለአየር ጠመንጃ የሚሆን የእርሳስ ጥይት እሸጣለሁ። ዙበይዳን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ከሰው ዛፍ ላይ እንጆሪ አብረን ሰርቀን አብረን ተገርፈናል። እህቴ ብትሆን ከዚህ በላይ አልወዳትም ነበር። ከዚህ በላይም አታናድደኝም ነበር።

ባሏ ዓዋድ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የብስክሌት ጎሚስታ ነበር። የአየር ጠመንጃ ወደ እኛ ዘንድ መጉረፍ የጀመረ ጊዜ ሰዉ የሚሞላው በእጅ ፖምፓ ነው። ዓዋድ ደጃፍ ላይ አንድ ሐሙስ የቀራት ረጅም ፖምፓ ነበረች። ሥጋ ሻጩ እንኳ፣ ያ በሬ የሚጥል ሰውዬ፣ ሆዱን እጀታዋ ላይ ጭኖ ሲወርድ ሲወጣ ላቡ ጫማው ውስጥ ይገባ ነበር። የጠመንጃው መለኪያ ግን ንቅንቅ አይልም። ዙበይዳ ከውስጥ ለወጥ የሚሆን የሙሉኪያ ቅጠሏን እየከተፈች ታየውና ትስቃለች።

"ድንቢጧ ይህን ሁሉ ሥጋ የላትም እኮ" ትላለች። "ለአንድ ጉርሻ ወፍ አንድ ኪሎ ሰው ይቀልጣል።"

ዓዋድ ድንገት ሲሞት ሁላችንም ሱቁን ዘግታ ጣንጣ ከተማ ወዳገባችው ልጇ ወደ ራውያ ትሄዳለች ብለን ነበር። እሷ ግን ከግራ እጇ ሁለት የወርቅ አምባር አውልቃ እስክንድርያ ወረደች። ስትመለስ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ጭኗ ላይ ታቅፋ የጉምዓ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣለች። ጉምዓ የመስመራችን ሾፌር ነው፤ መሪውን በአንድ እጁ፣ የሰውን ጉዳይ በሁለተኛው የሚይዝ ሰው። በመስተዋት አያትና በልጇ ስም ጠርቶ፣ "ኡም ራውያ፣ በዚህ ዕድሜ ሕፃን?" አላት።

"ዝም ብለህ ንዳ" አለችው። "ካስለቀስከው አንተው ታባብለዋለህ።"

ብርድ ልብሱ ሲፈታ ማሽኗ ወጣች። ማሽኗ ትንሽ ናት፤ ጠባይዋ ግን የትልቅ ሰው ነው። መብራት ሲኖር በመብራት፣ መብራት ሲጠፋ በመኪና ባትሪ ትሠራለች፤ ሙቀት ግን አትወድም። ስለዚህ ዙበይዳ የማቀዝቀዣ ቱቦዋን ባልዲ ውሃ ውስጥ ትነክራለች። ባልዲው ውስጥ የሚጨመረው በረዶ ከእኔ ፍሪጅ ነው። "ሚስባሕ፣ በረዶ" የሚል ድምፅ በግድግዳው ሲመጣ ሚዛን ላይ ያለውን ስኳር ትቼ እሮጣለሁ። የቆየሁ እንደሆነ ማሽኗ ሳትሆን ዙበይዳ ናት የምትግለው።

የእኛ አየር ደግሞ የሐይቅ አየር ነው፤ እርጥብ ነው። ማሽኗ ስትጨምቀው ውሃው ተለይቶ ጎኗ ላይ ባለች ትንሽ ዕቃ ይጠራቀማል። ዙበይዳ በየመሃሉ ብሎኗን ላላ ስታደርግላት "ጥሽ" ብላ ትተፋዋለች። ሲሰሙት ቁርጥ ማስነጠስ ነው። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ማሽኗ ባስነጠሰች ቁጥር አግዳሚው ላይ ያለው ወንድ ሁሉ ባንድ አፍ "ይማርሽ" ይላል። ሽማግሌው ይላል፣ ጎረምሳው ይላል። ለመስጊድ ሲያልፉ እግር የጣላቸው ሼኽም ብለዋል።

አንድ ቀን ጉምዓ፣ "ምነው ኡም ራውያ፣ ማሽንሽ አደብ የላትም እንዴ? ይህን ሁሉ ዘመን ይማርሽ ስንላት አንድ ቀን እንኳ ያኑራችሁ አትልም" አላት።

"እሷ ሥራ ላይ ናት" አለችው። "መልስ የሚሰጥህ ሥራ የፈታ ነው።"

አየርን በሚመለከት ዙበይዳ የምትለው ብዙ ነው። ከጎሚስታ ጋር ስትኖር ዕድሜዋን የሰው ጎማ ሲተነፍስ ሰምታለች። "አየር ሌባ ነው" ትላለች። "ቀዳዳ ካገኘ ተሰናብቶ አይሄድም።" ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሕጓን ያውቃል። ጥይት ያለበት ጠመንጃ አግዳሚው አጠገብ አይደርስም። ዘይት የነካው ነገር ማሽኗ አጠገብ አይደርስም፤ ዘይትና የታመቀ አየር ሲገናኙ እሳት ናቸው። አንድ ጊዜ ጉምዓ "በደንብ እንዲገባ ብዬ ነው" ብሎ የጠመንጃውን አፍ የሞተር ዘይት ቀብቶ ቢያመጣ እጁን በጥፊ አለችው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠመንጃውን ጨርሶ ባዶ አድርጎ ያመጣ ሰው አለቀለት። "ትንሽ ትንፋሽ ይተዉላታል እንጂ!" ትላለች። "ነፍሷ ከወጣ በኋላ ምን ልሠራላት ነው ያመጣህልኝ?" ጨርሶ ባዶ የሆነ ጠመንጃ አፉን አልዘጋም ብሎ የገባውን መልሶ ይተፋል፤ ቁጣዋ ከዚያ ነው።

ሞልታ ስትሰጥ ደግሞ ምን ልትገድልበት ነው ብላ ትጠይቃለች። ድንቢጥ ካልክ ይሁን ትላለች፤ ድንቢጥ የሩዝ ጠላት ናት። ከከብት ኋላ እየሄደች ትል የምትለቅመውን ነጯን ወፍ የመታ ሰው ግን ለዓመት አየር አያገኝም። ያቺ ወፍ በእኛ ዘንድ የገበሬ ወዳጅ ናት። እንዴት እንደምታውቅ አትጠይቁኝ፤ ታውቃለች።

አሁን ወደ ዓም ራጊብ ልምጣ፤ ዓም የምንለው አጎት ለማለት ነው፣ ለታላቅ ሰው።

ዓም ራጊብ የቦዩ በር ጠባቂ ነው። ወደ ማሳው የሚወርደውን ውሃ የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፤ በሩ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ብቻውን ይኖራል። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ጢሙን በሥነ ሥርዓት የሚላጭ ሰው ነው። ንግግር ላይ ቁጥብ ነው። ውሃው የእሱንም ድርሻ ይናገርለታል መሰለኝ። ሰው ሁሉ ሞተር ብስክሌት ሲገዛ እሱ ያንኑ ዓዋድ ስንት ጊዜ የጠጋገነለትን ብስክሌት እየነዳ ነው የሚመጣው።

ባለፈው ክረምት አንድ ያገለገለ የአየር ጠመንጃ ገዛ። ከእኔ አንድ ቆርቆሮ ጥይት ወሰደ። "ዓም ራጊብ፣ በዚህ ዕድሜ አዳኝ ሆኑ?" አልኩት። ጆሮው ቀላና፣ "አይጥ በዝቷል" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ አይቀርም። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ ያስደግፋል፣ ጀላቢያውን ያራግፋል፣ ሌላው ሰው ሁሉ እስኪሞላለት አግዳሚው ጫፍ ላይ ይጠብቃል። ማንም ሰው ተራውን ቢወስድበት ቅር አይለውም። እንደውም "አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም" እያለ መጨረሻ ይሆናል።

"ሰላም ለዚህ ቤት፣ ኡም ራውያ።"

"ለእርሶም። ዛሬስ ምን ገደሉ?"

"ምንም።"

"ታዲያ አየሩን ምን አደረጉት?"

"አለቀ።"

ወፍ አያመጣም እንጂ ባዶ እጁንም አይመጣም። አንድ ሐሙስ በሣር የታሰረ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። ዙበይዳ ምንድን ነው ብትለው "በሩ ላይ ተጠልፎ ነው" አለ። ዓሣ በውሃ በር ይጠለፋል፤ አመንነው። በሚቀጥለው ሐሙስ ለሻይ የሚሆን አንድ እቅፍ ናዕናዕ ነበር። ናዕናዑም በሩ ላይ ተጠልፎ ነው። ከዚያ የዘይቱን ፍሬ አመጣ፤ አንድ ዘንቢል ሙሉ፣ አንዱ ከአንዱ እንዳይላላጥ በቅጠል የተለያየ ዘይቱን።

"ይሄ በራችሁ ገበያ መሃል ነው እንዴ የተሠራው?" አለው ጉምዓ። ዙበይዳ ግን አንዱን ዘይቱን በቀሚሷ ጠርጋ ገመጠችና፣ "ጣፋጭ ነው" አለች። ሰውዬው ያን ዕለት ብስክሌቱን ሳይነዳ እየገፋ ነው ወደ ቤቱ የሄደው።

እኔም ሌላውም በዚህ ስንስቅ ዙበይዳ የምታየው ሌላ ነገር ነበር። መለኪያውን ነው የምታየው። የሌላው ሰው ጠመንጃ አንዴ ከተሞላ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ያደናል። የራጊብ በሳምንቱ መለኪያው ታች ወርዶ ይመጣል። ጥይት ደግሞ ብዙ አልተኮስኩም ይላል። ለጎሚስታ ሚስት ይህ ሕመም ነው።

"የሆነ ቦታ ያንጠባጥባል" አለች። ጠመንጃውን ፈታችው። አየሩን የሚይዙትን ጎሚኒዎች ከራሷ አውጥታ ቀየረች። የሳሙና አረፋ ከአፉ እስከ ጭራው ለቀለቀችው፤ አንዲት አረፋ አልተነፋችም። ሞልታ ሰጠችው። በሳምንቱ መለኪያው እንደገና ታች ነው። እንደገና ፈታችው። ማሽኗንም ፈታች፤ አየሩን የምታጠልልበትን ጥጥ ለወጠች፤ የበረዶውን ውሃ እንኳ ጠረጠረች። "ሚስባሕ፣ በረዶህን ከምንድን ነው የምትሠራው?" ብላኝ ተጣልተናል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ፊት ነው የሚሆነው። ጉምዓም ዓይኑ ሥራ አይፈታም። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። "የኡም ራውያ አየር አመለኛ ነው፤ ሰው ቤት አያድርም" አለ። ከዚያ ሚኒባሱ ውስጥ ለተሳፋሪው ነገረው። ተሳፋሪው በየመንደሩ ይወርዳል፤ ወሬውም አብሮት ይወርዳል። አንዱ "የሐይቁን እርጥበት ነው የምትሞላልን፣ ጎሚኒያችንን በላው" አለ። ጎሚኒው በእርጅና የተበላ ሁሉ ጥፋቱን በዙበይዳ አሳበበ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።

ይህ የሆነው ደግሞ ሩዙ ማዘርዘር ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ድንቢጡ እንደ ጥቁር ጨርቅ ማሳው ላይ ይዘረጋል፤ ገበሬው ከንጋት እስከ ምሽት ጠመንጃ ነው። ዙበይዳ የዓመቱን እንጀራዋን የምታገኘው በዚያ ወቅት ነው። አግዳሚው ግን ሳሳ። ሰዉ ትልቁ ከተማ ድረስ እየሄደ የእሳት ማጥፊያ ከሚሞላ ሰው ዘንድ ማስሞላት ጀመረ። አንድ ሐሙስ ከቀኑ ሁሉ የመጣው ራጊብ ብቻ ሆነ፤ እሱም የጠመንጃው መለኪያ ወርዶ።

በማግስቱ ዙበይዳ ሱቄ ገባች። "በረዶ ላምጣልሽ?" አልኳት። አይሆንም አለችና የስኳር ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ጆንያው ላይ ስትቀመጥ ከልጅነታችን ወዲህ አይቻት አላውቅም።

"ማሽኗን ልሸጣት ነው" አለችኝ። "ከሐይቁ ማዶ አንድ ሰው አለ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ዓርብ፣ ከሶላት በኋላ ይመጣል።"

"አብደሻል?"

"ሚስባሕ፣ ዓዋድ ሄደ። ራውያ አግብታ ሄደች። እሺ፣ ሰው ነው፣ ይሄዳል። አሁን ደግሞ አየር እንኳ እጄ ላይ አልቆይ አለ።" መነጽሯን አውልቃ በጀላቢያዋ ጠረገች። "የያዝኩትን ሁሉ የማንጠባጥበው እኔ ነኝ መሰለኝ።"

ዙበይዳ የባሏ ቀብር ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ድምፅ አላሰማችም። መደርደሪያዬን ማየት ጀመርኩ፤ ዓይኔ የጥይት ቆርቆሮዎቹ ላይ አረፈ። ያኔ ነው ነገሩ የመጣልኝ።

"ስሚ እስቲ" አልኳት። "ራጊብ ከእኔ ጥይት የገዛው መቼ መሰለሽ?"

"መቼ ነው?"

"ጠመንጃውን የገዛ ለታ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ፍሬ አልገዛኝም። በዚህ አገር ደግሞ ከእኔ በቀር ጥይት የሚሸጥ የለም።"

ዙበይዳ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ከዚያ ከጆንያው ላይ ተነስታ፣ "ስኳርህ እርጥበት ገብቶታል" ብላኝ ወጣች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ራጊብ እንደ ልማዱ መጣ። በዘንቢል ባሚያ ይዟል። ዙበይዳ ጠመንጃውን ሞላችለት፣ ማሽኗ ስታስነጥስ ብቻውን "ይማርሽ" አለ። ሲጨርሱ እጁን ቢዘረጋ አልሰጠችውም።

"ትተውልኝ ይሂዱ" አለችው።

"ለምን?"

"እዚህ ይሰቀላል። እስከ ዓርብ ሳምንት። የሚያንጠባጥብ እንደሆነ ሰው ሁሉ ይየው። አየሬ መጥፎ ከሆነም ማሽኗን የሚገዛው ሰው አውቆ ይግዛት።"

ራጊብ መሸጡን የሰማው ያኔ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። "የምትሸጪው ምንድን ነው? ማሽኑን?" አለ። "ቆይ እስቲ፣ እኔ ይዤው ልሂድ..."

"ምን ሊገድሉበት?"

ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ክብሪት እደረድር ነበር። ብስክሌቱን ይዞ ሄደ፤ ባሚያውን ከነዘንቢሉ ረሳው።

ዙበይዳ ጠመንጃውን ከደጃፏ ምሰሶ ላይ በምስማር ሰቀለችው። በመለኪያው መስተዋት ላይ፣ ቀስቷ ባለችበት ትክክል፣ ከኩል ብልቃጧ አንዲት ጥቁር ነጥብ አደረገች። ከዚያ በኋላ ያ ሳምንት ሌላ ነው። ሰዉ የረመዳንን ጨረቃ እንደሚጠባበቅ አንገቱን እያሰገገ ያያል። ዳቦ ሊገዛ የወጣ ያያል፣ ከማሳ የተመለሰ ያያል። ጉምዓ ሚኒባሱን ከነተሳፋሪው አቁሞ ያያል። ቀስቷ ኩሏ ላይ ናት። በማግስቱም ኩሏ ላይ ናት። ራጊብ ግን በእነዚያ ቀኖች ሁሉ ወደ መንገዳችን አልመጣም።

ዓርብ ደረሰ። ከሶላት በኋላ ደጃፋችን በሰው ተሞላ። ገዢው መጣ፤ ማሽኗን ዞሮ ዞሮ አያት፣ እጁን ጣራዋ ላይ ጫነ። ራጊብም መጣ። የዓርብ ነጭ ጀላቢያውን ለብሷል፤ አግዳሚው ላይ አልተቀመጠም፣ ብስክሌቱን ይዞ ቆመ።

ቀስቷ ኩሏ ላይ ነበረች። ፀጉር ያህል አልተነቃነቀችም።

"አያችሁ" አለች ዙበይዳ። ድምፅዋ ግን ገና አልረጋም።

"ማሻ አላህ" አለ ጉምዓ። "ማሽኗ ከጠመንጃው አጠገብ እያደረች ነው እንጂ። ሌሊት ሌሊት ትንሽ ትንሽ ብታጎርሺውስ፣ ማን አይቶሽ?"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ጉምዓ ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ነው የሚቀድመው። ዙበይዳ ወደ ገዢው ዞረችና፣ "ይውሰዷት" አለችው።

"ጉምዓ።"

ራጊብ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰምቼው ስለማላውቅ ሌላ ሰው መሰለኝ። ብስክሌቱን ለቀቀው፤ ወደቀ።

"ሴትዮዋን ተዋት" አለው።

"እኔ ምን አደረግኳት፣ ዓም ራጊብ? የእርሶ ጠመንጃ አይደል የሚያንጠባጥበው?"

"አያንጠባጥብም።"

"ታዲያ አየሩ የት ነው የሚሄደው?"

ራጊብ እጁን ኪሱ ከተተ። ጣት የማትሞላ፣ የታጠፈች መፍቻ አወጣና አግዳሚው ላይ አስቀመጣት። ዙበይዳ ምን እንደሆነች አወቀች። ጠመንጃው ሆድ ላይ ያለችውን፣ አየር የምታስተነፍሰውን ብሎን የምትፈታ መፍቻ ናት።

"እኔ ነኝ የማስወጣው" አለ። "ረቡዕ ረቡዕ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ቦዩ ዳር ቁጭ ብዬ።"

ጉምዓ እንኳ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው "ለምን?" ያለው።

ራጊብ መሬት መሬት እያየ፣ "ሙሉ ሆኖ ምን ብዬ ልምጣ?" አለ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ በእኛ መንገድ ያን ለታ ጠባ። የሚስቅ ሰው ይኖራል ብዬ ጠብቄ ነበር። ማንም አልሳቀም። ሥጋ ሻጩ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ከማንም ጋር የማይተዋወቀው ገዢ ብቻ፣ "ማሽኑ ይሸጣል ወይስ አይሸጥም?" ብሎ ጠየቀ።

ዙበይዳ ወደ ራጊብ ቀረበች። ልትመታው ነው ብዬ ነበር፤ እጇን አውቀዋለሁ።

"ስንት ጎሚኒ ቀየርኩ" አለችው።

"አውቃለሁ።"

"ሳሙናዬን ጨረስኩ።"

"አውቃለሁ።"

"እጄን ጠላሁት፣ ራጊብ። ይህን የራሴን እጅ።"

ራጊብ ቀና አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ይህን አላወቅኩም" አለ። "ባውቅ ኖሮ ቦዩን በራሴ ላይ ነበር የምከፍተው።"

ከዚያ መፍቻዋን ከአግዳሚው አነሳች፣ ጠመንጃውን ከምስማሩ አወረደች፣ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ጭኗ ላይ አጋደመችው። ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም። መፍቻዋን ብሎኗ ውስጥ ከትታ ቀስ አድርጋ አዞረች።

"ጥሽሽሽ" አለ። ያ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲጠብቀው የሰነበተ አየር እየነፈሰ ወጣ፤ የመቀነቷን ጫፍ አርገበገበው። ቀስቷ ኩሏን ለቀቀች፣ ወረደች፣ ወረደች። ራጊብ ልማድ ሆኖበት ይሁን የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት፣ ከከንፈሩ ብቻ "ይማርሽ" አለ።

ዙበይዳ ጨርሳ አላስተነፈሰችውም። ሁልጊዜ ተዉላት የምትለው ትንሽ ትንፋሽ ሲቀር ብሎኗን መልሳ አጠበቀች።

"ያኑርህ" አለችው።

ጠመንጃውን ሰጠችው፤ መፍቻዋን ግን ራሷ ኪስ ከተተቻት። "ወርዷል፤ ነገ አምጣው" አለችው። "ሐሙስን አትጠብቅ።"

ገዢው ወደ መኪናው ሄደ። ጉምዓ ከሚኒባሱ ወንበር ሥር ጠመንጃውን አውጥቶ አግዳሚው ላይ ተራ ያዘ፤ ከኋላው ሥጋ ሻጩ ተቀመጠ። እኔም ሳልጠራ በረዶ ላመጣ ገባሁ።